መርፌ የዋጠ አፈሙዝ

እስቲ ልጠይቅህ አንባቢ፤ ምስር የምታህል ማግኔት መዳፍህ ላይ ቢያኖሩልህ፣ በየትኛው ፊቷ እንደምትስብ፣ በየትኛውስ እንደምትገፋ በዓይንህ ብቻ አይተህ መናገር ትችላለህ? አትችልም። እኔም አልችልም። እህቴም አትችልም። ልዩነቱ፣ እሷ እንደማትችል ስለምታውቅ ሁልጊዜ ትፈትሻለች፤ እኛ ሳንፈትሽ እንናገራለን። ይህን የምጽፈው ሳይፈትሹ ስለ እሷ ላወሩ ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እያወቁ ለተናገሩ ለአንድ ሰው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

እህቴ ጥርስ ትሠራለች። የሚነቅሉትንና የሚሞሉትን ሐኪሞች ማለቴ አይደለም። እነሱ ነቅለው የጨረሱትን አፍ እንደገና የምትሞላው እሷ ነች፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ በልክ የምታወጣ ባለሙያ። የሥራ ክፍሏ በእናታችን ቤት ምድር ቤት፣ ድሮ ልብስ ይታጠብበት የነበረው ጠባብ ክፍል ነው። አንገቱ የሚተጣጠፍ መብራት አለ፤ እንደ ትንኝ የሚጮኽ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አለ፤ ሰም ማቅለጫ አለ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሄድ መደርደሪያ አለ። በመደርደሪያው ግራ በኩል የደንበኞቿ መንጋጋ በጄሶ ተቀርጾ ተደርድሯል። በቀኝ በኩል ታንኮች አሉ።

አዎ፣ ታንኮች። መዳፍ ላይ የሚቀመጡ፣ ከላስቲክ ቁርጥራጭ የተገጣጠሙ፣ ሰንሰለታቸው ላይ ጭቃ የደረቀባቸው የሚመስሉ ታንኮች። ወደዚያ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነው።

«ጥርስና ታንክን ምን አገናኛቸው?»

«ሁለቱም ካልገጠሙ ያዋርዳሉ» ትላለች እህቴ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል።

በየቅዳሜው ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ባለ አዳራሽ የሚሰበሰብ ማኅበር አለ። ፋርማሲስት አለበት፤ ጡረታ የወጣች አዋላጅ አለችበት፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር አለበት። በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ከስፖንጅ ኮረብታ፣ ከካርቶን መንደር፣ ከሽቦ ዛፍ ሠርተው በእነዚህ ትናንሽ ታንኮች ይዋጋሉ። ተራ በተራ ያንቀሳቅሳሉ፣ ርቀት ይለካሉ፣ ዳይስ ይጥላሉ። ሕጋቸው መጽሐፍ ይሞላል፤ ከሁሉም አብልጠው የሚያከብሩት ግን ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ ያልታየ መሣሪያ አይተኮስም። ታንክህ ላይ የተሰካው አጭር አፈሙዝ ከሆነ፣ «ረጅም ነው ብላችሁ አስቡልኝ» ማለት የለም። ያለህ የሚታየው ብቻ ነው። የፓርላማ ሰዎች ቢማሩት የምመኘው ሕግ ነው።

እዚህ ላይ ችግር ይመጣል። ታንኩ በካርቶን ሲገዛ አብረውት አራት ዓይነት አፈሙዞች ይመጣሉ፦ ረጅሙ፣ አጭሩ፣ መንታውና እሳት የሚተፋው። አንዱን ስታጣብቅ ሦስቱን ቀበርክ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወይ አራት ታንክ ትሠራለህ፣ ወይ ባጣበቅከው ትቆጫለህ። የማኅበሩ ሰዎች ለዓመታት ሲቆጩ ኖረዋል። እህቴ ግን ጥርስ ሠሪ ናት። የሚገባና የሚወጣ፣ ሲገባ የማይንቀሳቀስ፣ ሲወጣ የማያቆስል ነገር መሥራት እንጀራዋ ነው። እና አላጣበቀችም። ማግኔት ቀበረችባቸው።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ክብሯ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በሥራ ጠረጴዛዋ ጥግ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው እንደ ትንሽ ምሰሶ የቆሙ ማግኔቶች አሉ። «እናትየዋ» ትላቸዋለች። አዲስ ማግኔት ሁሉ ታንክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለእናትየዋ ይቀርባል። ጫፏ ላይ የተለጠፈበት ፊት ቀይ ነጥብ ይደረግበታል። ነጥብ ያላየ ማግኔት ሙጫ አይነካም። ከዚያ በጥርስ መሰርሰሪያዋ በታንኩ ግንባር ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ በእያንዳንዱ አፈሙዝ ሥር ደግሞ ሌላ ሁለት። የብረት ወረንጦ ማግኔቱን ነጥቆ ስለሚሄድ የምትይዝበት ወረንጦ ከእንጨት የተሠራ ነው። ግራውን ነጥቡን ወደ ውጭ፣ ቀኙን ነጥቡን ወደ ውስጥ አድርጋ ታስገባዋለች። እንዲህ አፈራርቃ ስላስገባቻቸው አፈሙዙ ቀጥ ካላለ አይቀመጥም፤ ገልብጠህ ብትሞክር እንደተጣላ ጎረቤት ፊቱን አዙሮ ይሸሻል። ቀጥ አድርገህ ስታስጠጋው ግን ከእጅህ ነጥቆ ራሱ ይገባል። ጠቅ። ስፌቱ አይታይም። ታንኩን ዘቅዝቀህ ብታራግፈው አይወድቅም። ሥራው ሲያልቅ በሆዱ በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ስሟን በቀጭን ብዕር ትጽፍበታለች።

እኔ ለዓመታት አፌዝባት ነበር፤ አልደብቅም። «አርባ ሁለት ዓመትሽ ነው እኮ» አልኳት አንድ ቀን።

«ጋሼ፣ አንተ ስልሳ ሊሞላህ ነው፤ እስካሁን በጋዜጣ ላይ ትጣላለህ» አለችኝ። «እኔ ቢያንስ ስጨርስ የሚዳሰስ ነገር ይኖረኛል።»

እናታችን ከደረጃው ላይ ሆና ሰምታ ሳቀች። የሳቀችበትን ጥርስ የሠራችላት እሷ ናት፤ ምን ልበል።

ዘንድሮ ማኅበሩ ለከተሞች ውድድር አራት ሰው የሚልክበት ዓመት ነበር። እህቴ ይህን ቀን አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃዋለች። መለያው የሚደረገው በአንድ ቅዳሜ ነው፤ እናታችን «ሂድና አብረሃት ሁን» ስላለችኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አዳራሹ ወጣሁ። የጠበቅሁት ሽማግሌዎች በመጫወቻ ሲነታረኩ ማየት ነበር። ያየሁት ሌላ ነው። እህቴ ሳጥኗን ስትከፍት ሰዎች ጠረጴዛቸውን ትተው መጡ። ፋርማሲስቱ አፈሙዙን አውጥቶ መልሶ አስገባው፤ እንደገና አወጣው፤ ድምፁን ለመስማት ብቻ። አዋላጇ ታንኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አራገፈችው። «ምንም አይንቀጫቀጭም» አለች፣ ልጅ እንደተገላገለች እናት ፊቷ በርቶ። አንድ ሰው ዞር ብሎ «ወንድሟ ነዎት?» አለኝ። «ነኝ» አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ማዕረግ ተጠርቼበታለሁ፤ እንደዚያች «ነኝ» ደረቴን የነፋው የለም።

ሦስት ጨዋታ አሸነፈች። አራተኛው በሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ከሹፌሩ ጋር ነበር። ሹፌሩ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ድምፁ ወፍራም፣ ልቡ ቀጭን ሰው ነው፤ ከእህቴ ጋር ሦስት ዓመት ተጫውቶ አንድ ቀን አሸንፏት አያውቅም። እሷ ከጨዋታው በፊት በወረቀቷ ላይ «ረጅሙ» ብላ ጽፋለች፤ የተጻፈው ጨዋታው እስኪያልቅ አይቀየርም። ሌሎቹ ሦስት አፈሙዞች በትንሽ ትሪ ላይ ሆነው ጠረጴዛው ዳር ተቀምጠዋል። ነገሩ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የሹፌሩ ትልቁ ታንክ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ቆመ። የእህቴ ረጅም አፈሙዝ ከደረሰበት ጨዋታው ያልቃል። ይደርሳል አይደርስም ተባባሉ። ዳኛ ተጠራ።

ዳኛው የማኅበሩ ጸሐፊ ናቸው። አባላቱ «አንቀጽ» ይሏቸዋል፤ ሰላምታ እንኳን አንቀጽ ሳይጠቅሱ ስለማይመልሱ። በሥራቸው የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ኃላፊ ናቸው። አንቱታውን የማልነፍጋቸው እናታችን ይህን ስታነብ እንዳትቆጣኝ ብዬ እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። አንቀጽ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከቀበቷቸው የአናጢ ሜትር መዘው መጡ። ዳኛ ሲለካ ተጫዋቾች ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው እጃቸውን ከጀርባቸው ያጣምራሉ። ደንብ ነው። እህቴ ወደ ኋላ ብላ ቆመች። በአንደኛው ጠረጴዛ አንድ ሰው ስድስት ጥሎ ጩኸት ተነሳ፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። እኔም ዞርኩ። ስለዚህ እኔ አላየሁም፤ አየሁ ብዬም አልምልም።

«ይደርሳል» አሉ አንቀጽ፣ ሜትራቸውን እየከተቱ።

እህቴ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ዳይሱን አነሳች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው።

«ይሄ አጭሩ ነው» አለች።

«ምኑ?» አሉ አንቀጽ።

«ታንኬ ላይ ያለው። እኔ ያስቀመጥኩት ረጅሙን ነው። ረጅሙ ትሪው ውስጥ ነው ያለው።»

ልብ በሉልኝ። ማን ነው የተናገረው? እሷ ራሷ። ማንም አላየም ነበር። ሌባ እጁን ይዞ ራሱ ሲያስረክብ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

አንቀጽ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ታንኩን አዩ፤ ወረቀቷን አዩ። ጆሯቸው ቀላ፤ ይህንን ግን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ቀይረሽዋል ማለት ነው» አሉ። «አንቀጽ ሰባት። በጨዋታ መሐል መሣሪያ የቀየረ ተሸናፊ ነው።»

«አልቀየርኩም። እርስዎ ሲለኩ ነክተውት ይሆን?»

«አንቀጽ ዘጠኝ፣ ዳኛ የተጫዋች ሞዴል አይነካም ይላል።»

«የሚለውን አውቃለሁ። እርስዎ ነክተዋል ወይ ነው ያልኩት።»

«እጄ ታንክሽን አልነካም። ጨዋታው አልቋል።»

እህቴ አልተከራከረችም። አፈሙዙን አወጣች፣ ታንኩን በጨርቅ ጠቀለለች፣ ሳጥኗን ዘጋች። ስንወርድ ደረጃው ላይ «እዚያው ትተሽው ትሄጃለሽ?» አልኳት። «ያላወቅሁትን ነገር ይዤ አልጮህም» አለችኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ ደብዳቤ መጣ። የማኅበሩ ማኅተም አለበት። «በጨዋታ መካከል መሣሪያ መቀየሬን አምናለሁ፤ እጸጸታለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ተዘጋጅቶ ከሥሩ የፊርማ ቦታ ተትቷል። ብትፈርም ማኅበሩ ይቅር ብሏት ከአራቱ አንዷ ሆና ወደ ከተሞች ውድድር ትሄዳለች፤ ሦስቱን ጨዋታ አሸንፋለችና ነጥቡ ይበቃታል። ባትፈርም ከአባልነት ትሰረዛለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይህ ነው። እከኩን ለጥፈው ሲያበቁ ደግሞ «አመሰግናለሁ በይ» አሏት።

እናታችን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ፈርሚና ተገላገይ» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሽው ነገር ነው። አንድ ፊርማ ምን አላት? እኔ ስንት የማላምንበትን ወረቀት ፈርሜ ነው ያሳደግኳችሁ።»

«እማዬ፣ እኔ ስሜን የምጽፈው በሠራሁት ነገር ላይ ነው» አለች እህቴ። «ይሄን አልሠራሁትም።»

እኔ ቆሜ እፎክር ነበር። ነገ መሥሪያ ቤታቸው ሄጄ፣ በበታቾቻቸው ፊት፣ ምን ምን እንደምላቸው በዝርዝር ስናገር እህቴ ታንኩን ከጨርቁ አወጣች።

«ጋሼ፣ ትንፋሽህን ቆጥብና አንድ ነገር ንገረኝ። በምን ነበር የለኩት?»

«በሜትር ነዋ። በአናጢ ሜትር። ቢጫ።»

«ጫፉ ማግኔት አለው?»

እንዴት ላውቅ? ማዶ ያለው አናጢ ዘንድ ሄጄ ተመሳሳይ ሜትር ተዋስኩ። የብረቱ ምላስ ጫፍ ላይ፣ ብረት ላይ እንዲለጠፍ የተገጠመች ማግኔት አለች። እህቴ ረጅሙን አፈሙዝ ታንኩ ላይ ሰካች። የሜትሩን ጫፍ ልክ እንደሚለካ ሰው ወደ አፈሙዙ አፍ አስጠጋች። ጠቅ አለ። ሜትሩን ቀና ስታደርገው አፈሙዙ ከታንኩ ተላቆ በሜትሩ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያ የሜትሩን ቁልፍ ለቀቀችው። ምላሱ ሽው ብሎ ወደ ቤቱ ሲገባ አፈሙዙ ከሜትሩ ቆርቆሮ አፍ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ።

እኔ «ያዝነው» ብዬ እናታችንን ልጠራ ነበር። እህቴ ግን ፊቷ ጠቆረ። በዚያ ቅዳሜ እንኳን እንዲያ አልጠቆረም።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች።

«ምኑ ነው የአንቺ?»

«መርፌ አለበት ውስጡ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ረጅሙ አፈሙዝ ቀጭን ላስቲክ ስለሆነ ሙቀት ሲነካው ይጎብጣል። እሷ እንዳይጎብጥ ብላ ከሥሩ እስከ አፉ ሰርስራ የልብስ ስፌት መርፌ ከትታበታለች። ላስቲክ ማግኔት አይስበውም፤ መርፌ ግን ብረት ነው። ቤት ውስጥ የምትለካው በልብስ ሰፊ የጨርቅ ሜትር ነው። አራግፋዋለች፣ ዘቅዝቃዋለች፣ ከጠረጴዛ ላይ ጥላዋለች፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጣዋለች። የሰው ሜትር ጫፍ ላይ ማግኔት ሊኖር ይችላል ብላ ግን አላሰበችም።

«ሁሉን ፈትሻለሁ» አለች። «ከሌላ ሰው እጅ የሚመጣውን ግን አልፈተሽኩም። ጥርስ ላይ እንዲህ ብሠራ ሰው አንቄ ነበር።»

«እሳቸው ዋሹ እኮ።»

«የእሳቸውን እሳቸው ያስቡበት። መርፌው ግን የኔ ነው።»

እና በዚያው ከሰዓት፣ የሐሰት ክስ ተጽፎባት ወረቀቱ ፊቷ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ መርፌውን ለማውጣት ተቀመጠች። ቀለሙ እንዳይቃጠል አፈሙዙን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች። መርፌውን ከሥሩ በኩል በጋለ ጫፍ እያሞቀች፣ ሙጫው ሲለቅ በፒንሳ ሳበችው። በቦታው ማግኔት የማይስበው የነሐስ ሽቦ አስገባች። መርፌው ሲወጣ የተሰነጠቀውን ጠርዝ ጥርስ በምትሞላበት ዱቄት ደፈነችው፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው፤ ቀለሙን መለሰችበት። ሲደርቅ የአናጢውን ሜትር ሃያ ጊዜ አስጠጋችው። ሃያ ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ከእኔ ቁጣና ከእሷ ሥራ የትኛው ሰው እንደሚያስከብር ያን ከሰዓት ተማርኩ። ቁጣዬን ግን አልተውኩም፤ እሱም ሙያ ነው።

ዓርብ ዕለት ሹፌሩ መጣ። ውድድር ሊያወራ አልነበረም የመጣው። የላይኛው ጥርሱ ተሰንጥቆ እህቴ ዘንድ ለጥገና ተቀምጦ ነበርና ሊወስድ ነው። አፉን በመዳፉ ሸፍኖ በሩ ላይ ቆመ። እኔን ሲያይ ሊመለስ አሰበ፤ ግን ጥርስ የሌለው ሰው የት ይሄዳል?

«እቱ፣» አለ ከመዳፉ ሥር፣ «የምነግርሽ አለኝ።»

«መጀመሪያ ጥርስህን አድርግ» አለችው። «እንዲህ ሆነህ የተናገርከውን ነገ ማንም ሰማሁ አይልህም።»

አጥባ ሰጠችው። አደረገው። ነክሶ ሞከረው፤ አፉ ውስጥ ልክ ሲሆን ዓይኑ እንባ አቀረረ። በጥርሱ ምክንያት አልመሰለኝም።

«አይቼዋለሁ» አለ። «አንቀጽ ሲለኩ። ሜትሩን ሲያነሱት አፈሙዝሽ እንደ ዓሣ ተንጠልጥሎ መጣ። ሜትሩ ሲጠቀለል ትሪሽ ውስጥ ወደቀ። ዞር ዞር ብለው አዩ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። ከትሪው ያገኙትን አንስተው ታንኩ ላይ አስጠጉት፤ በራሱ ገባ። የገባው አጭሩ መሆኑን ያዩ አይመስለኝም።»

«እና አንተ?» አልኩት እኔ። «አፍህ ያን ቀን ጥርስ ነበረው አይደል?»

«ነበረው።»

«ታዲያ?»

ሹፌሩ እህቴን እንጂ እኔን አላየም። «ሦስት ዓመት ነው የምታሸንፊኝ» አለ። «ጨዋታው አልቋል ሲሉ፣ ያሸነፍኩ መሰለኝ። ቤቴ ደርሼ ለሚስቴ አሸነፍኩ ብዬ ነገርኳት። ራት ሳልበላ ተኛሁ።»

የምናገረው ብዙ ነበረኝ። እህቴ በዓይኗ አስቀመጠችኝ።

«ይሄንን ለእሳቸው ትነግራቸዋለህ?» አለችው።

«ነግሬያቸዋለሁ። ዛሬ ጧት፣ አፌን ሸፍኜ ሄጄ። ‹ቅሬታ በአምስት ቀን ውስጥ ካልቀረበ አይታይም፤ አንቀጽ አሥራ አንድ› አሉኝ። ሰው ፊት ቢጠይቁኝ ግን እናገራለሁ፤ ይሄው በዚህ ጥርሴ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን አዳራሹ በሙሉ አይቷል። ቅዳሜ እህቴ ደብዳቤውን ይዛ ወጣች። የተዘጋጀውን ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር ሰርዛ፣ ከሥሩ በራሷ እጅ ጽፋለች፦ «ጥፋቴ አፈሙዙ ውስጥ የብረት መርፌ መክተቴ ነው። አስተካክዬዋለሁ። መሣሪያ አልቀየርኩም።» ፊርማዋን አኑራበታለች። ወረቀቱን አንቀጽ ፊት አስቀመጠችው።

«የተጠየቅሽው ይሄ አይደለም» አሏት።

«የሆነው ግን ይሄ ነው።»

ታንኩን ከሳጥኑ አውጥታ በሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። ረጅሙ አፈሙዝ ቀጥ ብሏል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ እጇን ከጀርባዋ አጣመረች። «ይለኩ» አለች። «አሁን ምንም አይነሳም።»

አባላቱ ተሰበሰቡ። ሹፌሩ ከፊት ቆሞ ነበር። የአንቀጽ እጅ ወደ ቀበቷቸው ሄደ፤ ሜትሩን ነካው፤ ከዚያ ኮታቸውን ወደ ፊት ሳቡና ሸፈኑት። «ለጉዳዩ አንቀጽ የለውም» ብለው፣ ወረቀቱን እዚያው ትተው ወደ ጽሕፈት ክፍላቸው ገቡ። ሹፌሩን ማንም አልጠየቀውም። በቀጣዩ ሰኞ የእህቴ ስም ከአባላት ዝርዝር ላይ በመስመር ተሰርዞ ሰሌዳው ላይ ወጣ። ምክንያቱ «መሣሪያ በመቀየር» ይላል። ወደ ከተሞች ውድድር ሦስት ሰው ሄደ።

እና እህቴ? ጥርስ ትሠራለች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን ያ የምድር ቤት ክፍል ሰው አጥቶ አያውቅም። አዋላጇ ሁለት ታንክ ይዛ መጣች፤ ማግኔቶቹን ነጥብ ሳታደርግ አጣብቃቸው ነበርና አፈሙዞቹ ከታንኮቹ ይሸሻሉ። ፋርማሲስቱ የራሱን «እናትየዋ» ሠርቶ ሊያስመርቅ መጣ። ሹፌሩ ረቡዕ ረቡዕ ይመጣል፤ አሁንም ይሸነፋል፤ ለሚስቱም እንደተሸነፈ ይነግራታል። እናታችን ደብዳቤውን በመስታወት አስገብታ ደረጃው ላይ ሰቅላዋለች፤ «ፈርሚ» ያለችበትን ቀን የሚያነሳባት ሰው ካለ ጥርሷን ታሳየዋለች። እኔ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ ለሁሉም የምናገረው አንድ ነገር አለኝ፤ እህቴ ናት እላለሁ። ስሟ ከአንድ ሰሌዳ ላይ ቢሰረዝ ከአርባ ታንክ ሆድ ውስጥ የሚያወጣው የለም።

አሁን ወደ እርስዎ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ።

አፈሙዙን ሆነ ብለው ቀየሩ አላልኩም። ሜትርዎ ነጠቀው፣ ደነገጡ፣ ያገኙትን መለሱ። ማንም ሰው ሊያደርገው ይችላል። እንዲያውም ሥራዋ እንከን ባይኖረው ነው ሳይታወቅብዎ የቀረው፤ ደካማ ሠሪ የሠራችው ቢሆን አፈሙዙ ሲንገዳገድ አዳራሹ ሁሉ ባየዎት ነበር። ያን ቅዳሜ «ይቅርታ፣ ነክቼዋለሁ» ቢሉ ኖሮ ሰው ስቆ ጨዋታው ይቀጥል ነበር። እርስዎ ግን ዳኛ አይነካም የሚለውን ሕግ ራስዎ ስለጻፉት፣ የነካ እጅ ሊኖርዎ አልቻለም። ስለዚህ የአንዲት ሴት ስም በእጅዎ ቦታ ገባ። እሷ ስህተቷን በሁለት መስመር ጽፋ ፈርማበታለች። እርስዎ ያንን ለማድረግ የሚያስፈልግዎ አንድ ቃል ነው።

የአንቀጽ ቁጥር እንዳይጠቅሱልኝ። ስለ አምስት ቀን እንዳይነግሩኝ። በሩን ዘግተው ለእኔ ወይም ለእሷ በሹክሹክታ እንዲነግሩን አልፈልግም፤ ሰሌዳ ላይ በአደባባይ የተጻፈ ነገር በጓዳ አይፈታም። በመጪው ቅዳሜ፣ አባላቱ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ በሁለተኛው ጠረጴዛ ፊት ቆመው፣ ሹፌሩን ዓይን ለዓይን እያዩ ይመልሱ፦ አፈሙዙን ከትሪው አንስተው ታንኩ ላይ ያደረገው የማን እጅ ነው?